ዳንግላ የቀረው ልጓም

ጉዞው የተጀመረው በአጎቴ ጉልበት ምክንያት ነው። ጋሽ ተካ አዳማ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለው፤ አሮጌ መኪናዎችን እየገዛ፣ እያደሰ፣ ለሚወዷቸው ሰዎች ይሸጣል። ዳንግላ ውስጥ ጣሊያን ሠራሽ የሆነ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ለሽያጭ እንደቀረበ የሰማው ጉልበቱን ኦፕራሲዮን በሆነ ሰሞን ነበር። ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሎታል። እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተር ፈተናዬን ጨርሼ ለእረፍት ቤት ገብቼ ነበር። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ሳቀብል ነው ያደግኩት።

«አንቺ ሂጂና እይልኝ፣ ራሔል» አለኝ። «ይህን ያወጣል የምትይኝን ነው የምከፍለው።»

መታመኔ ደስ አሰኘኝ፤ ወዲያው ደግሞ አስፈራኝ። ከተመለስኩ በኋላ የዶርም ጓደኞቼም የጋራዡ ሰዎችም ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ እዚያ አገር የመሄድ ዕድል ለማይገጥማቸው ጭምር ያየሁትን በየዕለቱ እንደነበረ ጽፌዋለሁ።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ከአዳማ ወጥቼ አዲስ አበባ አንዲት ዘመዳችን ቤት አደርኩ። አጎቴ ከመነሳቴ በፊት ያስጠናኝን በልቤ ስደግም አመሸሁ። አንደኛ፣ መኪናውን ሳይ ማሞገስ የለብኝም። ሁለተኛ፣ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ የተደበቀውን ማየት አለብኝ፤ የወለሉን ምንጣፍ ገልጦ፣ ከበሩ ስር ጎንበስ ብሎ፣ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይቶ። ሦስተኛው መሪው ነው።

«በእንዲህ ያለ መኪና ላይ መሪው ብቻውን ሰው ያጣላል» ብሎኛል። «ክቡ እንጨት ነው። አንዴ ከጠፋ ምትኩ አይገኝም።»

አንድ ማግኔትም በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጥቶኛል፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል። የመኪናው አካል ላይ ሲያስጠጉት ብረቱን ይይዛል፤ ዝገቱ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም የተቀባበት ቦታ ላይ ግን አይጣበቅም።

ዓርብ

ዳንግላ ሳይደርስ እንጅባራ ላይ ወደ ሌላ መንገድ የሚታጠፈው አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ወጣ። መንገዱ ደህና መሆኑን አጎቴ በዋዜማው እየደወለ አጣርቷል። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ሙቀቱ የአዳማን ስለመሰለኝ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ተደሰትኩ። ሽቅብ ወጥተን ጎጃም ስንገባ መልሼ ለበስኩት፤ ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ ከላዬ አልወረደም።

ደብረ ማርቆስ ለምሳ ስንቆም ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እኔ መነሳት አቃተኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ማግኔት የወንበሩን ብረት ይዞታል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ ወንበሩ አልለቅም አለሽ?» ብለው ክንዴን ጎተቱልኝ። ምን እንደሆነ ሳሳያቸው ደነገጡ። «ይኸን ይዘሽ ከሾፌሩ አጠገብ እንዳትቀመጭ» አሉኝ።

የቀኑ ትልቁ ስህተት ግን ማምሻውን መጣ። ረዳቱ «ኮሶበር ወራጅ! ኮሶበር!» እያለ ሲጣራ እኔ በመስኮቱ የባሕር ዛፍ እያየሁ ተቀምጫለሁ። ቲኬቴ ላይ የተጻፈው እንጅባራ ነዋ። አውቶቡሱ ተንቀሳቅሶ ከተማውን ሊጨርስ ሲል «እንጅባራ ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» ብዬ ጠየቅሁ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ኮሶበር የእንጅባራ የቆየ ስሟ ነው፤ ሰው አሁንም በዚያው ይጠራታል። አዳማን ናዝሬት የሚሉ ስንት ሰዎች እያወቅሁ ይህ አለመጠርጠሬ አሳፈረኝ። ሾፌሩ አቁሞ አወረደኝ፤ ወደ መሐል ከተማው በባጃጅ ተመለስኩ።

ወደ ዳንግላ የሚሄዱት ሚኒባሶች ለዕለቱ አልቀው ስለነበር አንድ ፔንሲዮን ገባሁ። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ጃኬቴን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ውፍረቱን መረመሩት።

«ከየት ነሽ?»

«ከአዳማ።»

«ታዲያ ይኸን ለብሰሽ ኮሶበር የመጣሽው ማን መክሮሽ ነው?»

ከአልጋው ብርድ ልብስ በላይ የራሳቸውን ጋቢ ደረቡልኝ፤ በትልቅ ኩባያ ትኩስ ወተት አመጡ። አዳማ በዚህ ሰዓት ሰው ደጅ ወንበር አውጥቶ ነፋስ ይቀበላል። እዚህ ከተማው በጊዜ በሩን ይዘጋል። ጠዋት የወተቱን ልክፈል ስል ተቆጡኝ።

ቅዳሜ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ በአዲስ ቅዳም በኩል ያልፋል። ስሟ እንደሚለው ገበያዋ ቅዳሜ ስለሆነ ሚኒባሳችን በሰውና በከብት መሐል እየተሽሎከሎከ አለፈ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የሚተከል ቀጭን ዛፍ ረድፍ ይዞ ቆሟል። አዳማ ቤታችን የሚገባው ከሰል በማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ዛፉ እንደ ጤፍ ተዘርቶ፣ ደርሶ የሚታጨድ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ረዳቱ ሁለት ከረጢት ከሰል ከእግሬ ስር ስላስገባ ዳንግላ ስደርስ ነጩ ጫማዬ ነጭ አልነበረም።

ከመናኸሪያው ጋሪ ያዝኩ። እኛ ጋ ጋሪ ይበልጡን ዕቃ ነው የሚጭነው፤ እዚህ የለበሰ የዘነጠ ሰው ሁሉ ይሳፈርበታል። ባለጋሪው አያሌው ይባላል፤ ፈረሱ ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ቦራ። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ማግኔቱ ከኪሴ ወጥቶ የጋሪውን ጠርዝ ያዘ። አያሌው ሊያላቅቀው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«አንች ልጅ፣ ጋሪዬን ልትወስጅ ነው የመጣሽ?»

«መኪና ልገዛ ነው» አልኩት።

ዞር ብሎ ከሰል የነካውን ጫማዬን አየ። «ቦራ፣ ሰማህ?» አለው ፈረሱን። «ባለመኪና ነው የጫንነው፤ ቀጥ ብለህ ሂድ።»

ሻጯ እትዬ ብርቄ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ከእናታቸው ከእማማ ዘውዴ ጋር ነው የሚኖሩት። እማማ ከገጠር የመጡ ስለሆነ ከአማርኛ ይልቅ አዊኛ ይቀናቸዋል። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ለልጃቸው የሆነ ነገር አሉ።

«በርዷታል፣ መጀመሪያ ትብላ እያለችሽ ነው» ብለው ተረጎሙልኝ እትዬ ብርቄ። ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበ፤ ድንቹ ከእኛ አገሩ ይበልጥ ዱቄት ዱቄት ይላል። አንድ ስጨርስ ሌላ ይጨመራል። መኪናውን ያየሁት ሆዴ ሞልቶ መተንፈስ ሲያቅተኝ ነው።

የቆመው ድሮ የፈረስ ጋጣ በነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እትዬ ብርቄ ሸራውን እየገፈፉ ነገሩኝ። «አባቴ ሾፌር ነበር። አዲስ አበባ የሚነዳላቸው ፈረንጅ አገር ለቀው ሲሄዱ ገዛው። ነድቶ እዚህ ሲያመጣው ከተማው ተገልብጦ ወጣ ይባላል። እኔ እንኳ አልተወለድሁም።»

ሸራው ወረደ። መኪናው ዝቅ ያለ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ቀለሙ ያልበሰለ ሎሚ የመሰለ አረንጓዴ ነው።

«እንዴት ያምራል!» አልኩ።

የአጎቴ የመጀመሪያ ትእዛዝ እዚያው ፈረሰ። እትዬ ብርቄ ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ዋጋው ጨመረ» አሉኝ።

ሦስተኛውን ትእዛዝ ቶሎ ልፈጽም ብዬ በሩን ከፈትኩ። መሪው የለም። መሪው ሊኖር በሚገባው ቦታ ባዶ ዘንግ ብቻ ብቅ ብሏል።

«እትዬ ብርቄ፣ መሪው የታለ?»

«ቤት ነው።»

«ተሰብሮ ነው?»

«ኧረ ምን ሆኖ ይሰበራል! ልንሸጠው ስላሰብን ነቀልነው እንጂ።»

እንዳልገባኝ አይተው ወደ ቤት መለሱኝ። ግድግዳው ላይ አሮጌ የፈረስ ልጓሞች በየሚስማሩ ተሰቅለዋል፤ ቆዳቸው ደርቆ ተኮማትሯል። ከመጨረሻው ልጓም ቀጥሎ የመኪናው መሪ ተሰቅሏል። ክቡ ቡናማ እንጨት፣ መሐሉ ብረት፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው።

«እኛ ቤት ፈረስ ሲሸጥ ልጓሙ አይሸጥም» አሉ እትዬ ብርቄ። «ለሚመጣው ፈረስ ነው የሚቀረው። ልጓሙን አብሮ የሰጠ ሰው ቤት ሌላ ፈረስ አይገባም። አያቴም እንዲያ ነበር የሚያደርግ፣ አባቴም። ገዥ የራሱን ልጓም ይዞ ይመጣል። አንችም መሪሽን ይዘሽ የመጣሽ መስሎኝ።»

አልሳቅሁም። አነጋገራቸው መሳቂያ አልነበረውም።

ሥራዬን ግን ቀጠልኩ። ማግኔቱ ከግራው በር ስር አንድ ቦታ አልይዝ አለ፤ የቀረው ሁሉ ብረት ነው። ወለሉ ደህና ነው። የሞተሩን ዘንግ በመፍቻ በእጄ ሳዞረው ዞረልኝ፤ ነክሶ ስላልተጣበቀ ይጠገናል። ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ይገጥማል። ፍሪሲዮኑ ግን ተቃጥሏል። አፍንጫው ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። የማርሹ እጀታም ፋብሪካ የሠራው አይደለም፤ ከወይራ እንጨት በእጅ የተቀረጸ ነው፤ ላዩ በመዳፍ ብዛት ለስልሷል። ሦስቱንም ከዋጋው ቀነስኩ።

«ይህን መኪና ሸጠው ምን ሊያደርጉ አስበዋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ወፍጮ» አሉ። «እዚችው ጋጣ ውስጥ። ሰፈሩ እህሉን ተሸክሞ ሩቅ ነው የሚሄድ። ባሕር ዳር ወፍጮና ሞተሩን ሰባት መቶ ሺህ ብለውኛል። አንድ ደላላ መጥቶ ይኸን ቁራሌ በአራት መቶ ልውሰድልሽ አለኝ፤ ሸኘሁት።»

ስልክ የሚሠራው የግቢያቸው በር አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ቆሜ ለአጎቴ ደወልኩ። እትዬ ብርቄ ከታች ቆመው ይሰማሉ። ዞር ይበሉልኝ ማለት ከበደኝ፤ ሁለቱንም ማስደሰት ነበር የምፈልገው። ያየሁትን ክፉውንም ደጉንም ተናገርኩና «ከነመሪው ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ያወጣል» አልኩ።

«ከነመሪው ማለት?»

የልጓሙን ነገር ነገርኩት።

«ራሔል፣ ያለ መሪው መቶ ሺህ ቀንሺ» አለ። «ክፋት እንዳይመስልሽ። ለሚገዛኝ ሰው ምን ብዬ ነው የማሳየው?»

እሱም ልክ ነው። ከድንጋዩ ስወርድ እትዬ ብርቄ ሒሳቡን ጨርሰውታል። «ስድስት መቶ ሃያ» አሉ። «ወፍጮው ቀረ ማለት ነው።» ከዚያ የቀኝ እጄን አይተው «የሞተሩ ዘይት ነክቶሻል፣ ነይ ታጠቢ» አሉኝ።

እሁድ

እማማ ዘውዴ በሰንበት ስለ ሽያጭ አይወራም ስላሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀምጠን ዋልን። ባቄላ የሚመስለው ግብጦ ቀረበልኝ። አዳማ ግብጦ የሚባል ነገር በልቼ አላውቅም። መራራነቱ እስኪለቅ ውኃ እየተቀየረለት ቀናት እንደሚሰነብት፣ ቸኩሎ የበላው ሰው እንደሚታመም ነገሩኝ። እኔም ይህን ሰምቼ አንዷን ፍሬ ብዙ አኘክኋት። እማማ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ፈረሰኞች በደጁ አለፉ። በዚህ አገር ፈረስ ለሥራ ብቻ አይደለም፤ በዓል ሲሆን ሰው ፈረሱን አስጊጦ በሰልፍ ይወጣል። የእማማ ባለቤት፣ የእትዬ ብርቄ አባት ጋሽ አበጀም በሕይወት ሳሉ ከፈረሰኞቹ አንዱ ነበሩ። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ መጋለብ ስለማይችሉ የፈረሱን ቀይ ዘርፍ የመኪናው አፍንጫ ላይ በብሎን አስረው ከሰልፉ ኋላ ይነዱ ነበር። በፈረስ እርምጃ፣ ከጫፍ ጫፍ፣ በአንደኛ ማርሽ። የቀዳዳዎቹም የተቃጠለው ፍሪሲዮንም ምክንያት ይህ ነው። ሁለቱንም ትናንት ከዋጋው ቀንሻቸዋለሁ።

አንድ ነገር ማወቅ ፈለግሁ። ሌላ ሐሳብ ኖሮኝ ሳይሆን እንዲያው ገርሞኝ ነው።

«እማማ» አልኩ፣ «ፈረሱን ቀስ በል የሚሉት ልጓሙን ስበው ነው። መኪናውን ቀስ በል የሚሉት በምን ነበር?»

እትዬ ብርቄ በአዊኛ ጠየቁልኝ። እማማ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቀኝ እጃቸው ተነሳ። በጭናቸው አጠገብ፣ ባዶ አየር ላይ፣ አንድ ክብ ነገር ጨብጠው ወደፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። ከዚያ ተናገሩ። እትዬ ብርቄ መተርጎም ጀመሩ።

«ይኸን ሲያደርግ ነው ቀስ የሚል ትላለች። ወደዚህ ሲለው ይረጋል፣ ወደዚያ ሲለው ይሮጣል። ወይራውን ራሱ ነው የቀረጸው፣ ከጋጣው...»

አልጨረሱትም። እናታቸውን አዩ። እማማ ዘውዴ እጃቸውን አላወረዱም፤ የተጨበጠውን እጃቸውን እያዩ ነበር። ከዚያ ቆጣ ብለው አጭር ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ልጓሙን ትታችሁ ኮርቻውን ነው የነቀላችሁት አለችን።»

ለካ የመኪናው ልጓም የማርሹ እጀታ ኖሯል! ወደ ድንጋዩ ሮጥኩ። አጎቴ ስልኩን እንዳነሳ፣ መሪው እንዲመጣ፣ የማርሹ እጀታ ግን እንዲቀር ጠየቅሁት።

«ያ የእንጨቱ?» አለ። «ኦሪጅናል አይደለም ብለሽኝ የለም እንዴ?»

«አይደለም። በሱ ምክንያት አምስት ሺህ ቀንሻለሁ።»

«እንግዲያ ካልመጣ አምስት ሺህሽን መልሺላቸው» አለና ሳቀ። «ሰባት መቶ ሃያ አምስት። ነገ ጨርሺ።»

እትዬ ብርቄ ከታች ሆነው ሰምተዋል። ወደ ቤት ገብተው መሪውን ከሚስማሩ አወረዱና በቀሚሳቸው ጫፍ አቧራውን ሲወለውሉት አየሁ።

ሰኞ

ጠዋት ስም ለማዛወር ቢሮ ሄድን፤ ወረፋው ከአዳማው ያጠረ ነው። ገንዘቡም በባንክ ገባ። አጎቴ በስልክ የተከራየው ጫኝ መኪና ግን ሌሊት በጣለው ዝናብ የመጣውን ጭቃ ፈርቶ ወደ ሰፈሩ አልገባም አለ፤ ስለዚህ ስፖርት መኪናችን እስከ አስፋልቱ በሌላ ኃይል መሄድ ነበረበት። እትዬ ብርቄ ጋሪ ጠሩ። የመጣው አያሌው ነው።

«ማግኔቷ!» አለ ከሩቅ። ቦራን ከጋሪው ፈትቶ በገመድ ከመኪናው አፍንጫ ጋር አሰረው። መሪውን መልሼ የገጠምኩት እኔ ስለሆንኩ «አንችው ያዥው» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የነዳሁት እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በአንድ ፈረስ ጉልበት፣ ሰፈሩ በሙሉ ከኋላ እየገፋ።

«ፍሬን ያዥ! ኧረ ፈረሴን እንዳትገጭብኝ!» ይላል አያሌው። «ቦራ፣ አትዙር፣ አትየው፣ ይደነግጥልሃል!»

ከጋጣው እስከ አስፋልቱ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አየ። አንዳንዶቹ አሮጊቶች እልል አሉ። መኪናው ከተማው ውስጥ በፈረስ እርምጃ ሲሄድ ያዩት የመጨረሻው ጊዜ መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል።

አስፋልቱ ዳር ስንቆም እማማ ዘውዴ በበሩ በኩል ጎንበስ ብለው ገቡ። የማርሹን እጀታ ጨብጠው ማዞር ጀመሩ፤ ጠብቆ ስለኖረ እምቢ አለ። ልረዳቸው ስል እትዬ ብርቄ ያዙኝ። ቀስ እያለ ፈታ አለላቸው። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ መኪናው ሲጫን ለማየት አልቆሙም። እኔ ደግሞ በዚያው በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ጉዞ ወደ ቤት ጀመርኩ። ለመንገድ የተቀቀለ ድንች በፌስታል ተሰጥቶኛል።

ከተመለስኩ በኋላ

አጎቴ በክራንች እየተደገፈ መኪናውን ዞረው። የስቱኮውን ቦታ አገኘ፤ «አላመለጠሽም» አለኝ። ገብቶ ተቀመጠ። በግራ እጁ መሪውን ዳበሰ፤ ቀኝ እጁ ለማርሹ ሲሄድ ቀዝቃዛ ጥርስ ያለው ብረት ላይ አረፈ። እጁን አንስቶ አየኝና ብረቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለው።

ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀምሮ ግቢ ከገባሁ በኋላ እትዬ ብርቄ ደወሉ። ከበስተጀርባቸው ከባድ ድምጽ ስላለ መጀመሪያ አልሰማኋቸውም።

«ወፍጮው ነው!» ብለው ጮኹ። «እህሉ የሚለቀቅበት ዘንግ እጅ የሚቆርጥ ብረት ነበር። የአባቴን ወይራ ብየዳ ቤት ወስጄ አስገጠምሁበት። እማማ ራሷ ናት የምትይዘው፤ ለሌላ ሰው አትሰጥም!»

«ይሠራላቸዋል?» ብዬ እኔም ጮኽኩ።

የወፍጮው ድምጽ ድንገት ዝቅ አለ፤ ከዚያ መልሶ ከፍ አለ።

«ሰማሽ?» አሉኝ። «ቀስ አሰኘችልሽ።»